ጀርመንኛ ለሚማሩ የንባብ ማስታወሻ፦ በደብተር፣ በካርድ፣ በስልክ ወይስ በፎቶ ኮፒ?

ባሕር ዳር ላይ ጀርመንኛ የሚማር ሰው ከክፍል ከወጣ በኋላ ቋንቋውን የሚሰማበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ወደ ገዳማቱ የሚሻገር ጎብኚ አልፎ አልፎ ካልገጠመው በቀር የሚያናግረው አያገኝም። ስለዚህ አብዛኛው ቃል ከንባብ ይመጣል። የተነበበው በሥርዓት ካልተያዘ ግን ሰኞ መዝገበ ቃላት የተገለጠለት ቃል ሐሙስ እንደ እንግዳ ይመለሳል። የንባብ ማስታወሻ መያዝ እንደሚጠቅም ብዙ ተማሪ ያውቃል፤ የሚቸግረው በምን ይያዝ የሚለው ነው።

አማራጮቹን የምንመዝንበት ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ የጻፋችሁትን መልሳችሁ እንድታዩት የሚያደርጋችሁ የቱ ነው? መመዝገብማ በሁሉም ይቻላል። ቃል የሚያዘው ግን ሊረሳ ሲል ተፈልጎ ሲታወስ ነው። የደብተሩ ውበት፣ የመተግበሪያው ብዛት፣ የቀለሙ ዓይነት ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የቱንም ብትመርጡ ምን ይመዘገባል?

ስም ሲመዘገብ ከነአርቲክሉ (የስሙን ጾታ ከሚያሳየው ደር፣ ዲ ወይም ዳስ ጋር) እና ከነብዙ ቁጥሩ ነው። ለጣና ዳርቻ ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንውሰድ። «ደር ዜ» ሐይቅ ነው፤ «ዲ ዜ» ደግሞ ባሕር ነው። አጻጻፉም ድምፁም አንድ ሆኖ የሚለየው አርቲክሉ ብቻ ነው። «ዜ» ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ ቃሉን አልያዘውም። ብዙ ቁጥርም በግምት አይገኝም። ደሴት «ዲ ኢንዘል» ሲሆን ሲበዛ «ዲ ኢንዘልን» ነው፤ ጀልባ «ዳስ ቦት»፣ ሲበዛ «ዲ ቦተ»። ገዳም «ዳስ ክሎስተር» ነው፤ ሲበዛ መሐሉ ያለው ኦ ሁለት ነጥብ ይደፋና «ዲ ክለስተር» ይሆናል። ዳርቻ «ዳስ ኡፈር» ግን ሲበዛም ያው ኡፈር ነው፤ አርቲክሉ ብቻ ወደ ዲ ይዞራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አርቲክሉን እንዳለ ከጽሑፉ ሲቀዳ ነው። ጀርመንኛ አርቲክሉን እንደ ስሙ አገባብ ይለውጠዋል። «ኢን ደር ሽታት» ማለት በከተማው ውስጥ ማለት ነው፤ ይህን ያየ ተማሪ ከተማን «ደር» ብሎ ይመዘግባል፤ ትክክለኛው ግን «ዲ ሽታት» ነው። አርቲክሉን ሁልጊዜ ከመዝገበ ቃላት አረጋግጡ፤ ከጽሑፉ የምትቀዱት ዓረፍተ ነገሩን ነው።

ሁለት ሦስት ቃል ተጣምሮ አንድ የሚሆነውን ረጅም ስም በቀጭን መስመር ቁረጡት። ጉማሬ «ዳስ ፍሉስፕፌርት» ይባላል፦ ፍሉስ ወንዝ፣ ፕፌርት ፈረስ። ወንዝ ደር፣ ፈረስ ዳስ ነው፤ ጥምሩ ጾታውን የሚወስደው ከመጨረሻው ቃል ስለሆነ ጉማሬ ዳስ ሆነ። ጣና ሐይቅም «ደር ታናዜ» የተባለው መጨረሻው ዜ ስለሆነ ነው።

ግስ በሦስት መልኩ ይጻፋል፦ መነሻው፣ «እሱ» ሲሆን የሚይዘው ቅርጽ፣ እና ያለፈ ጊዜው ከረዳት ግሱ ጋር። ለምሳሌ «ፋረን፣ ፌርት፣ ኢስት ጌፋረን»፤ በተሽከርካሪ መሄድ ማለት ነው። ረዳት ግሱ ሃበን ይሁን ዛይን ያልተጻፈበት ግስ ኋላ ስትናገሩ ያስቆማችኋል። ተነጣይ ግሶች ደግሞ ልዩ ዓይን ይፈልጋሉ። «ደር ቡስ ኮምት ኡም አኽት ኡር አን» በሚለው ውስጥ ግሱ «አንኮመን» ነው፤ መድረስ ማለት ነው። መነሻ ክፍሉ «አን» ተነጥሎ መጨረሻ ላይ ቆሟል። «ኮምት»ን ብቻ ፈልጎ «ይመጣል» ብሎ የመዘገበ ተማሪ ሌላ ግስ ነው የያዘው። ስለዚህ ግስ ከመፈለጋችሁ በፊት ዓይናችሁ እስከ ነጥቡ ይሂድ። በዚያው ዓረፍተ ነገር ሌላም ወጥመድ አለ፤ «አኽት ኡር» ስምንት ሰዓት ቢልም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በአማርኛ ትርጉሙ ላይ እንዲሁ ጻፉት።

ትርጉሙን በእንግሊዝኛ በኩል ማምጣት እኛ አገር የተለመደ ነው፤ የሚያሳስተውም እዚያ ላይ ነው። «ጊፍት» እንደ እንግሊዝኛው ስጦታ ሳይሆን መርዝ ነው። «በኮመን» መሆን ሳይሆን ማግኘት፣ መቀበል ነው። «አልዞ» ደግሞ «እንዲሁም» ሳይሆን «ስለዚህ» ነው። እንግሊዝኛ የሚመስል ቃል ሲገጥማችሁ ሁለት ጊዜ አጣሩ።

በዚህ ጽሑፍ የጀርመንኛ ቃላትን በፊደላችን ያስቀመጥነው ለንባብ እንዲመች ነው። በማስታወሻችሁ ግን ሁልጊዜ በላቲን ፊደል ጻፉ። ስም ሁሉ የሚጀምርበት ትልቅ ፊደልና አናባቢው ላይ የሚደፋው ሁለት ነጥብ በእኛ ፊደል ይጠፋሉ። ያ ሁለት ነጥብ ትርጉም ይለውጣል፦ «ጻለን» መክፈል፣ «ጼለን» መቁጠር፤ ልዩነታቸው አንድ ኤ ላይ የተደፋ ሁለት ነጥብ ነው።

ደብተር

ለጀማሪና ለመካከለኛ ተማሪ መነሻው ደብተር ቢሆን እንመርጣለን። ምክንያቱ ቃሉን፣ ዓረፍተ ነገሩንና ያነበባችሁትን ጽሑፍ አንድ ላይ የሚያኖር እሱ ብቻ መሆኑ ነው። ቃሉ ሲጠፋባችሁ «ያ ስለ ጀልባው ያነበብኩት ላይ ነበር» ብላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያ ትዝታ ራሱ ቃሉን ይጎትተዋል።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለአንድ ጽሑፍ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾች ስለምትመድቡ ወደ 50 ጽሑፍ ይይዛል፤ በሳምንት 3 ብታነቡ አራት ወር ያህል ነው። ሽፋኑ ጠንካራ ይሁን። ስፓይራሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ቦርሳ ውስጥ ግን ሉኩ ከቀዳዳው እየተቀደደ ይወጣል። ተራ እስኪርብቶ ከጄል ይሻላል፤ ጄሉ ብዙ ጊዜ ውሃ ሲነካው ይፈሳል፤ በክረምት ዝናብና በጀልባ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሦስት ቀለም ግዙ፦ ደር በሰማያዊ፣ ዲ በቀይ፣ ዳስ በአረንጓዴ። አንዴ የመረጣችሁትን ቀለም እስከ መጨረሻው አትቀይሩ።

የግራው ገጽ የጽሑፉ ነው። ከላይ ቀኑን፣ ርእሱን፣ ከየት እንደተገኘ፣ ስንት ቃል እንደሆነ፣ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ከሥሩ ጽሑፉን ዘግታችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር በጀርመንኛ አሳጥሩት፤ ከዚያ ለማረሚያ አምስት መስመር ባዶ ተዉ። የቀኙ ገጽ የቃላት ነው። ከውጭው ጠርዝ አንድ ሦስተኛውን በመስመር ለዩና የአማርኛውን ትርጉም እዚያ ብቻ ጻፉ። ስትከልሱ ያን ክፍል ወደ ኋላ ታጥፉታላችሁ፤ ትርጉሙ ይሸፈናል። ይህ እጥፋት ከሌለ ዓይን ሳያውቀው ወደ አማርኛው ይሄዳል፤ ተማሪውም ያወቀ ይመስለዋል። ከገጹ አናት አራት ትንንሽ ሳጥን ሣሉ፦ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ በ30ኛው ቀን። ስትከልሱ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ባዶ የቀረው ሳጥን ራሱ ይጠራችኋል።

አንድ ገጽ እንይ። ጽሑፉ ስለ ጣና ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከተመዘገበና ናቡ የተባለው የጀርመን ተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርም በዙሪያው ስለሠራ፣ ስለ ሐይቁ በጀርመንኛ የተጻፈ ማግኘት አይቸግርም። በግራው ገጽ ማጠቃለያው እንዲህ ይላል፦ «ደር ታናዜ ሊክት ኢን ኤቲዮፒየን። ኢም ዜ ጊብት ኤስ ፊለ ኢንዘልን። አውፍ ማንሸን ኢንዘልን ሽቴን ክለስተር።» ጣና ሐይቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ በሐይቁ ብዙ ደሴቶች አሉ፤ በአንዳንዶቹ ደሴቶች ላይ ገዳማት ቆመዋል። ለኤ2 ተማሪ (ደረጃዎቹ ከጀማሪው ኤ1 ተነስተው ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያሉ ያድጋሉ) ይህ በቂ ነው። በቀኙ ገጽ ከቃላቱ አንዱ «ፍሊሰን፣ ፍሊስት፣ ኢስት ጌፍሎሰን» ነው፤ መፍሰስ። ዓረፍተ ነገሩ ከጽሑፉ የተቀዳ ነው፦ «አውስ ዴም ታናዜ ፍሊስት ደር ብላወ ኒል።» ግሱ ይሰመርበት። ዓረፍተ ነገሩ በቦታው ተጀምሮ ባለቤቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ግሱ ሁለተኛ ቦታውን አለመልቀቁን ልብ በሉ። ግሱን መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ በዋና ዓረፍተ ነገር ላይ የሚፈትነው ይኸው ነው፤ ስለዚህ በምትቀዱት ሁሉ ግሱን ማስመር አይቅርባችሁ። በዚያው ጽሑፍ የሐይቁ ስፋት 3.000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በጀርመንኛ ነጥቡ ሺህን ይለያል፣ ኮማው ደግሞ አስርዮሹን፤ ከለመድነው ተቃራኒ ነው። ጣናን ስለምታውቁት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር እንዳልሆነ ወዲያው ይገባችኋል፤ የማታውቁት ከተማ ወጪ ወይም ሕዝብ ሲሆን ግን ትሳሳታላችሁ። የሚያውቁትን ነገር በጀርመንኛ ማንበብ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በዶይቸ ቬለ ቀስ ተብሎ የሚነበበው ዜና ከነጽሑፉ በነጻ ይገኛል፤ የአማርኛ ክፍሉን አስቀድሞ ማየት ጉዳዩን ለማወቅ ይረዳል።

ደብተርን የሚገድለው የቃል ብዛት ነው። ከአንድ ገጽ 30 ቃል የሚያወጣ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል፤ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይፈጅበትና ለመከለስ ጊዜ አይተርፈውም። ወሰኑ 8 ቃል ይሁን፣ ቢበዛ 10። መጀመሪያ ያለ እስኪርብቶ እስከ መጨረሻው አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ያለነሱ ጽሑፉ የማይገባውንና ደጋግመው የመጡትን ምረጡ፤ የቀረውን እለፉት። ከ100 ቃል ውስጥ የማታውቁት 5 ገደማ ከሆነ ጽሑፉ ለእናንተ ነው፤ ከ10 ካለፈ ግን ችግሩ የማስታወሻ አያያዝ ሳይሆን የጽሑፉ ክብደት ስለሆነ ቀለል ያለ ፈልጉ። በኤ1 እና በኤ2 ከ100 እስከ 150 ቃል ያለው ጽሑፍ፣ በቢ1 ደግሞ ከ250 እስከ 400 ቃል ያለው ለአንድ ጊዜ ይበቃል።

የደብተር ጉድለት ግልጽ ነው። የከበዳችሁንም የቀለላችሁንም ቃል እኩል ጊዜ ነው የምታዩት። ቃል ለመፈለግ መገለባበጥ አለ። ከጠፋ ደግሞ ጠፋ፤ በየወሩ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሱ።

ካርድ

ካርድ ይህን የደብተር ጉድለት ይሞላል። ጋዜጠኛው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ አምስት ክፍል አለው። አዲስ ካርድ አንደኛው ክፍል ይገባል፤ ካወቃችሁት ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ከሳታችሁት የትም ይሁን የት ወደ አንደኛው ይመለሳል። አንደኛውን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በየሳምንቱ፣ አራተኛውን በየሁለት ሳምንቱ፣ አምስተኛውን በየወሩ ብታዩ በቂ ነው። የጫማ ካርቶን በወፍራም ወረቀት ከፋፍላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ኤ4 ማኒላ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ሲቆረጥ 8 ካርድ ይወጣዋል፤ 25 ማኒላ 200 ካርድ ማለት ነው። ተራ ወረቀት አይሆንም፤ ከጀርባ ያለው ጽሑፍ ያሳያል፣ በክረምት ርጥበትም ጠርዙ ይልፈሰፈሳል።

ከፊት ለፊት ቃሉን ብቻ አትጻፉ። ከጽሑፉ የተቀዳውን ዓረፍተ ነገር ቃሉ ያለበትን ቦታ ባዶ አድርጋችሁ ጻፉና በጥጉ የአማርኛ ፍንጭ አኑሩ። ከጀርባው ሙሉው ቃል ከነአርቲክሉና ከነብዙ ቁጥሩ፣ እንዲሁም የደብተሩ ገጽ ቁጥር ይግባ። አንደኛው ክፍል ከ40 ካርድ ሲያልፍ አዲስ መጨመር አቁሙ፤ የቃላቱ ክምችት ከመከለስ አቅማችሁ በልጧል ማለት ነው። ካርድ ብቻውን የንባብ ማስታወሻ አይሆንም፤ ያነበባችሁት ጽሑፍ ራሱና ማጠቃለያው የሚቀመጡበት ቦታ የለውም። ከደብተር ጋር ሲጣመር ነው የሚያምረው።

ስልክ

አንኪ የሚባለው መተግበሪያ የላይትነርን ሣጥን ሥራ በራሱ ያሰላል፤ የቱ ካርድ መቼ እንደሚመለስ አያሳስባችሁም። በአንድሮይድ ስልክና በኮምፒውተር ነጻ ነው፤ በአይፎን የሚከፈልበት ነው። ኔት ሳይኖር ይሠራል፤ ኔት የሚያስፈልገው ከሌላ መሣሪያ ጋር ለማመሳሰል ብቻ ነው። መብራትና ኔት በሚቆራረጥበት ጊዜ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ባትሪው እስካለ ድረስ።

ሦስት ነገር አስቀድማችሁ አስተካክሉ። አንደኛ፣ በቀን 20 አዲስ ካርድ ብሎ የሚመጣውን ወደ 6 ወይም 7 አውርዱት። አዲስ ካርድ በየቀኑ ሲጨመር የሚከለሰው ብዛት ከሰባት እስከ አስር እጥፍ ይደርሳል፤ 20 ብትተዉት ከጥቂት ሳምንት በኋላ በቀን ከ150 በላይ ካርድ ይጠብቃችኋል። መተግበሪያውን የሚተዉት ብዙዎቹ እዚህ ደርሰው ነው። ሁለተኛ፣ የስልኩ ኪቦርድ ላይ ጀርመንኛን ጨምሩ፤ አናባቢውን ጫን ብላችሁ ስትይዙ ባለ ሁለት ነጥቡ ይወጣል። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ስብስቡን ወደ ፋይል አውጥታችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ሌላ ሰው ያዘጋጀውን የብዙ ሺህ ቃል ስብስብ ማውረድ ያጓጓል። ለፈተና ቃላት ማጥናት ከሆነ ይጠቅማል፤ የንባብ ማስታወሻ ግን አይደለም። እናንተ ያላነበባችሁት ዓረፍተ ነገር ላይ የተሰካ ቃል የሚያያዝበት ነገር የለውም።

ፎቶ ኮፒ

አስተማሪ ለሆነና ቢ2 ላይ ለደረሰ ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። ጽሑፉ በ1.5 የመስመር ርቀትና በስተቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ጠርዝ ይታተም፤ በአንድ ፊት ብቻ። ሐሳብ፣ ጥያቄ፣ ተቃራኒ ቃል ሁሉ እዚያው ጠርዝ ላይ ይጻፋል፤ ከጀርባ ማጠቃለያው። ተበስቶ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይገባል። ረጅም ጽሑፍ ላይ የጸሐፊውን ክርክር መከተል የሚቻለው በዚህ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ከአካባቢው አይነጠልም። ለጀማሪ ግን አንመክረውም። ወረቀቱ በአማርኛ ትርጉም ይሞላና ሁለተኛ ሲነበብ የሚነበበው አማርኛው ይሆናል።

ሠንጠረዥ በኮምፒውተር መያዝም አለ። ሦስት አራት ሆነው አብረው ለሚያነቡ ያመቻል፤ ሁሉም ከየጽሑፉ ያወጣውን አንድ ቦታ ያሰፍራል፣ በአርቲክልም ማጣራት ይቻላል። በስልክ ስክሪን ላይ ግን ያሰለቻል።

ለማን የቱ?

ቁጥሩን እንየው። የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው የጎተ ኢንስቲትዩት ፈተና የቃላት ዝርዝር ለኤ1 ወደ 650፣ ለቢ1 ወደ 2,400 ቃል ነው። ልዩነቱ 1,750 ቃል ነው። በሳምንት 3 ጽሑፍ ከየአንዳንዱ 8 ቃል ብታወጡ 24 ነው፤ በዚያ አካሄድ ከ70 ሳምንት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ዓመትና ከዚያ በላይ ጊዜ ላለው፣ ያለ መጣደፍ ለሚማር፣ ደብተር ብቻውን ይበቃል። በዘጠኝ ወር ከኤ1 ወደ ቢ1 መድረስ የሚፈልግ ግን በሳምንት 45 ቃል ያህል ያስፈልገዋል። በሳምንት 5 ጽሑፍ አንብቦ ማጠቃለያውን በደብተር፣ ቃላቱን በስልክ ቢይዝ ይሻለዋል። ሁለቱንም ቃል በቃል መጻፍ ግን ድካም ብቻ ነው፤ ቃሉ ስልክ ላይ ከገባ ደብተሩ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ይጻፍ።

ፈተናው ሦስት ወር ለቀረው ሰው አዲስ ደብተር ማስዋብ ጊዜ ማባከን ነው። የቢ1 የንባብ ፈተና 5 ክፍልና 30 ጥያቄ በ65 ደቂቃ ነው፤ ቃሉን እያወቁ ጊዜ የሚያልቅባቸው አሉ። ጽሑፎቹን በፎቶ ኮፒ ይዞ በሰዓት ማንበብ፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ከላይ መጻፍ፣ የተሳተው ጥያቄ በየትኛው ቃል ወይም በየትኛው ሐረግ እንደተሳተ ጠርዙ ላይ ማስፈር፣ ቃሉን ማታ ስልኩ ላይ ማስገባት ነው የሚያዋጣው።

ስልኩ ሲከፈት ወደ ሌላ ነገር የሚሄድበት ሰው ደግሞ ካርድ ይያዝ። ይህ የጽናት ጉድለት አይደለም፤ ስልኩ የተሠራው እንዲያዘናጋ ነው። ሃያ ካርድ በላስቲክ ታስሮ ኪስ ይገባል፤ ባጃጅ ሲጠበቅ፣ ሰልፍ ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ሻይ ሲታዘዝ ይገለበጣል።

የመረጣችሁትን ከአራት ሳምንት በፊት አትቀይሩ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የሦስተኛውን ሳምንት ቃላት ሸፍናችሁ ራሳችሁን ፈትኑ። ከአሥሩ ሰባቱን ከነአርቲክላቸው ካወቃችሁ ዘዴው ይሠራል። ከአምስት በታች ከሆነ መጀመሪያ የክለሳ ሳጥኖቹን ተመልከቱ፤ ሳጥኖቹ ባዶ ከሆኑ ዘዴውን ሳይሆን የክለሳ ሰዓታችሁን ቀይሩ፤ ሳጥኖቹ ሞልተው ውጤቱ ካነሰ ግን ወደ ካርድ ወይም ወደ ስልክ ተሻገሩ። ደብተሩ ሲያልቅም ሁሉንም ወደ አዲሱ አትገልብጡ። አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ትርጉሙን አጥፋችሁ ፈትሹት፤ የሳታችኋቸው ብቻ የአዲሱን ደብተር የመጀመሪያ ሦስት አራት ገጾች ይያዙ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሳታችኋቸው ደግሞ ካርድ ይሁኑ።